ጤና ጣቢያ በትንሽ ገንዘብ መታከም፦ ከካርድ ክፍል እስከ ሪፈር

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባለው መሐል ከተማ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ለማግኘት ብዙ መንገድ አይኬድም። ክፍያውም ከግል ክሊኒክ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ሆኖም ጤና ጣቢያ ተመላልሶ ኪሱ የሚራቆት ሰው ሞልቷል። ገንዘቡን የሚበላው በአብዛኛው ድግግሞሽ ነው፦ ካርድ ጠፍቶ እንደ አዲስ ማውጣት፣ ቁርስ በልቶ ለስኳር ምርመራ መምጣት፣ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ሄዶ መመለስ፣ እዚያው ያለውን መድኃኒት ከውጭ መግዛት። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው አብዛኛውን ያስቀረዋል።

ከሁሉ በፊት፦ ድንገተኛ ነው ወይስ ተመላላሽ?

ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ራሱን የሳተ፣ ሰውነቱ በአንድ ወገን የዛለ ወይም አንደበቱ የተሳሰረበት ሰው፣ ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡር፣ ጡት አልጠባ ያለ ሕፃን፦ እነዚህ ወረፋም ካርድም አይጠብቁም። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ወይም ወደ እሳትና አደጋ 939 ይደውሉ፤ ታክሲ የሚፈጥን ከሆነ በታክሲ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የድንገተኛ ሕክምና ቅድመ ክፍያ ሳይጠየቅ መሰጠት እንዳለበት በሕግ ተደንግጓል። ካርዱን አስታማሚ በኋላ ያወጣዋል። የድንገተኛና የማዋለጃ ክፍሎች ሌሊትም ይሠራሉ።

የቀረው ሁሉ ተመላላሽ ነው፤ የሚከተለው የተጻፈውም ለእሱ ነው።

የጤና መድህን፦ ሳይታመሙ የሚሠራ ሥራ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው ዘግይቶ ነው። የተዘጋጀው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው፦ ለጉሊት ነጋዴ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ ለሊስትሮ፣ እቤቷ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በወረዳው ይመዘገባሉ፣ መዋጮው በዓመት አንዴ ይከፈላል፣ ልጆችም አብረው ይገባሉ። ዕድሜው 18 ያለፈ ልጅ ካለ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚኖረው ሲመዘገቡ በግልጽ ይናገሩ፤ ስሙ ያልተጻፈ ልጅ የታመመ ቀን ከኪስ ይከፈልለታል።

ለምዝገባ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የቤተሰቡን ዝርዝርና የእያንዳንዱን ጉርድ ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉና «አገልግሎቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ፤ የከፈሉበት ቀንና መታከም የሚጀምሩበት ቀን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ምዝገባና እድሳት የሚካሄደው በተወሰነ ወቅት ስለሆነ፣ ልጅ አተኩሶት እያቃሰተ ወረዳ ሄዶ «አሁን መዝግቡኝ» ማለት አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን እድሳት ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በደስታ ይከፍላል፤ ቤተሰቡ ደህና ከርሞ አንዴም ሳይታከም ሲቀር «ገንዘቤ በከንቱ ሄደ» ብሎ ሁለተኛውን ይተወዋል። ካርዱ እጁ ላይ ስላለ አባል የሆነ ይመስለዋል። ካርድ ክፍል ሲደርስ ግን የዘመኑ እድሳት የለም፣ ክፍያውም ሙሉ ነው። ካርዱን አሁኑኑ አውጥተው የመጨረሻው እድሳት የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይዩት።

ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስተው ሌላ ክፍለ ከተማ የገቡ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። የመድህን ካርዱ በቀድሞው ወረዳና ጤና ጣቢያ ስም ነው። ለአንድ ጉንፋን አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ድሮው ሰፈር ከመመለስ፣ አዲሱ ወረዳ ሄዶ መዛወሩን አንዴ መጨረስ ይሻላል። ለዚህም ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ይዞ መሄድ ነው።

መዋጮውን መክፈል የማይችል ቤተሰብ በወረዳው ተለይቶ ክፍያው በመንግሥት ይሸፈንለታል። ይህም ቢሆን በወቅቱ የሚሠራ ነው። የት እንደሚጠየቅና መለየቱ መቼ እንደሆነ በደንብ የሚያውቁት ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። በራቸውን የሚዘጉባቸው ሰዎች ምን እንደሚያጡ ቢያውቁ ቡና አፍልተው ይጠብቋቸው ነበር።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመዋብ የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በመድህኑ አይሸፈኑም። ውል በሌለው የግል ክሊኒክ ከፍለው ደረሰኙን ቢያመጡም አይመለስልዎትም።

ሲሄዱ የሚያዙትና የሚሄዱበት ሰዓት

መታወቂያ፣ የመድህን ካርድ፣ የቀድሞ የካርድ ቁጥር፣ ዝርዝር ብር። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ባዶም ቢሆን በፌስታል ይያዙት። «ነጭ፣ ክብ ክኒን ነው» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፤ ነጭና ክብ የሆነው ክኒን በመቶ የሚቆጠር ነው።

የመንግሥት ሰዓት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከዚያ ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5:30 ስለሚጀምር ዓርብ 5 ሰዓት ላይ መድረስ እስከ 7:30 አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ሰኞና የበዓል ማግስት ወረፋው ይበረታል። በጾም ሆድ የሚሰጥ ደም ካለብዎ 2 ሰዓት ላይ ይድረሱ። ከሌለብዎ የማክሰኞ ወይም የረቡዕ ከሰዓት ይቀላል፤ ከ9:30 በኋላ መምጣት ግን ላብራቶሪው ናሙና መቀበል ሲያቆም መድረስ ሊሆን ይችላል።

ትሪያጅና ካርድ ክፍል

መጀመሪያ ትሪያጅ ነው። ነርሷ ሙቀት፣ ግፊት፣ ትርታና ክብደት ለክታ የት ክፍል እንደሚሄዱ ትወስናለች። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለዎት ከሆነ እዚህ ላይ ወዲያው ይናገሩ፤ ከሌላው ሰው ተለይተው ቶሎ ይታያሉ፣ ምርመራውም በነጻ ነው።

ካርድ ክፍል ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ስም ነው። መታወቂያዎ ላይ «ወልደ ማርያም» ተብሎ ካርዱ ላይ «ወ/ማርያም» ከተጻፈ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ አዲስ ካርድ ይወጣል፣ የድሮው የግፊት ልክና የላብራቶሪ ውጤት እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። መታወቂያውን አሳይተው እንዳለ ይጻፍ። የካርድ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ያንሱት።

ለማንኛውም ክፍያ ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የተከፈለ አይባልም፤ ላብራቶሪውም መድኃኒት ክፍሉም የሚጠይቁት እሱን ነው።

ሐኪሙ ፊት

ብዙ ጊዜ የሚያይዎ ጤና መኮንን ነው፤ ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዙ ስለሆነም ጊዜው አጭር ነው። «ሁለመናዬን ያመኛል» ብለው ከጀመሩ ግማሹ ጊዜ በጥያቄ ያልቃል። በጣም ያሳሰበዎትን አንድ ነገር መቼ እንደጀመረዎ ጨምረው መጀመሪያ ይናገሩ፦ «ከሐሙስ ጀምሮ ያተኩሰኛል፣ ማታ ማታ ይብሳል፣ ትናንት ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ።» ከሰፈር መድኃኒት ቤት ገዝተው የጀመሩት ካለ አይደብቁ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም መድኃኒት የማይስማማዎ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

መርፌ ካልተወጉ የታከሙ የማይመስላቸው አሉ። ክኒን የሚበቃው ሕመም ላይ መርፌ መጠየቅ ብርንም ጊዜንም መጨመር ነው፤ ለጉንፋን ፀረ ባክቴሪያ መለመንም ያው ነው፣ ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ አይነካውም።

ላብራቶሪ፦ ብር በከንቱ የሚቀርበት ቦታ

*ሰገራ።* የባቄላ ፍሬ የሚያህል ይበቃል፤ ዕቃውን መሙላት አያስፈልግም። ንፍጥ ወይም ደም ያለበት ክፍል ካለ ከዚያ ይውሰዱ፣ ከሽንት ጋር አይቀላቅሉት። እቤት ካመጡት በግማሽ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። አሜባ በማይክሮስኮፕ የሚለየው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይቆማል፣ ቆይቶም ይጠፋል። የሌሊቱን ናሙና 4 ሰዓት ላይ ይዞ መጥቶ «ምንም የለም» መባል ከዚህ ይመጣል።

*ሽንት።* ይታጠቡ፣ የመጀመሪያውን ይልቀቁት፣ መሐል ላይ የሚወጣውን በዕቃው ይቀበሉ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ትናገር፤ አለዚያ ውጤቱ ላይ የሚታየው ደም ሌላ በሽታ ያስመስላል።

*አክታ።* ምራቅ አክታ አይደለም። አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፣ ሰው ወደሌለበት አየር ወዳለው ቦታ ይውጡ፣ ሁለት ጊዜ በጥልቀት ተንፍሰው ከደረትዎ ይሳሉት።

*ስኳር።* በጾም ሆድ ሲባል ቢያንስ 8 ሰዓት ያለ ምግብ ነው። ማታ 3 ሰዓት እራት የበላ ሰው ጠዋት 2:30 ላይ ከ11 ሰዓት በላይ ሞልቶታል። ውኃ መጠጣት ይቻላል፤ ቡና ግን ስኳር ባይገባበትም ይቅር።

*የጨጓራ ባክቴሪያ።* በሰገራ የሚመረመር ከሆነ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ 4 ሳምንት አስቀድሞ መቆም አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ይወጣል። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ኦሜፕራዞል አለ፤ ስለዚህ ለሐኪሙ ቀድሞ መንገር ነው።

*ታይፎይድና ታይፈስ።* ባተኮሰን ቁጥር የምንጠይቀው ይህን የደም ምርመራ ነው። ለታይፎይድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረገው፣ ቪዳል የሚባለው የደም ምርመራ ግን ብዙ አይታመንም፤ ከዚህ በፊት ታይፎይድ የያዘው ሰው ዛሬ የያዘው ሌላ ሕመም ሆኖ ሳለ «ፖዘቲቭ» ሊለው ይችላል። በተለይ መድኃኒቱን ጨርሰው «ጠፍቶ እንደሆነ ልይ» ብለው በሳምንቱ አያስደግሙት፤ ሕመሙ ድኖም ለወራት ሊታይ ይችላል።

ውጤቱን ወደዚያው ሐኪም ሳይመልሱ ወደ ቤት አይሂዱ። ወረቀቱን ለጎረቤት አስነብቦ መድኃኒት መግዛት ምርመራውን ገደል መክተት ነው።

መድኃኒት

የማዘዣ ወረቀት ላይ አራት ነገር መነበብ አለበት፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን። ለምሳሌ «አሞክሲሲሊን 500 ሚ.ግ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ7 ቀን» ቢል 21 ፍሬ ነው። በስትሪፕ 10 ፍሬ ካለው ሁለት ስትሪፕ 20 ነው፤ አንድ ፍሬ ይጎድላል። መስኮቱ ላይ ሳሉ ይቁጠሩት። «አንድ ስትሪፕ ይበቃኛል፣ ከተሻለኝ እተወዋለሁ» የሚባለው ነገር ለፀረ ባክቴሪያ አይሠራም፤ ያልሞተው ጀርም ሲመለስ ያ መድኃኒት ላይነካው ይችላል፣ የሚቀጥለው ደግሞ ውድ ነው።

ግዢው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። በመጀመሪያ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል፤ ካለ ርካሹ እዚያ ነው። ከሌለ ማዘዣው ላይ አለመኖሩ ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት፤ የመድህን አባል ከሆኑም ውል ያለው መድኃኒት ቤት የትኛው እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ። ቀጥሎ በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉት ከነማ መድኃኒት ቤቶች፤ ሰልፉ ያሰለቻል፣ የዋጋው ልዩነት ግን ሰልፉን ያስረሳል። ከዚያ የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት፤ የግል መድኃኒት ቤት የመጨረሻው ነው። እዚያም ሲደርሱ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም ይጥሩ እንጂ የፋብሪካውን ስም አይጥሩ፤ «ኦሜፕራዞል 20፣ ዋጋው ዝቅ ያለው የቱ ነው?» ማለት ይበቃል። «የአውሮፓው ይሻላል» የሚለውን ምክር ሐኪምዎ ካልነገረዎ በስተቀር ይለፉት። ዋጋውን ሳይጠይቁ አያስቆርጡ፤ የተቆረጠ ስትሪፕ አይመለስም።

ለማንም ሰው በነጻ የሚሰጡ

መድህን ኖረም አልኖረም እነዚህ አይከፈልባቸውም፦ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ የኤችአይቪ ምርመራና መድኃኒት። ነጻ መሆናቸውን ባለማወቅ ለክትባት የግል ክሊኒክ የሚከፍል አለ።

የእርግዝና ክትትል ሦስተኛው ወር ሳያልፍ ይጀመር፤ እስከ መውለጃ ድረስ 8 ጊዜ መታየት ነው። የሕፃኑ ክትባት እንደተወለደ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ነው፤ ኩፍኝ በ9 ወሩና በ15 ወሩ። የ15 ወሩን የሚረሳው ብዙ ነው፤ ልጁ ቆሞ ስለሚሄድ ክትባት ያለቀ ይመስላል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ በሁለተኛው ወር ሳል ቆሞ ክብደት ሲመለስ ማቋረጥ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊያመጣ ይችላል፣ የዚያ ሕክምና ደግሞ ረጅምና አድካሚ ነው።

ግፊትና ስኳር ላለበት

ግፊት ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ጫት አይኑር። ሽንትዎን ይሽኑ፣ 5 ደቂቃ አረፍ ብለው ይቀመጡ፣ እግርዎን ሳያጣምሩ መሬት ያስነኩ፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ያሳርፉ። ዳገት ወጥቶ እያለከለከ የተለካ ሰው ላይ 150 ቢታይ አይገርምም፤ ያንን ይዞ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት አይጀመርም፣ በሌላ ቀን ይደገማል።

«ግፊቴ ወርዷል» ብሎ ክኒን ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። የወረደው በክኒኑ ነው። ቀጠሮው ከመድረሱ 3 ቀን በፊት ስንት ፍሬ እንደቀረ ይቁጠሩ፤ ያለቀ ቀን መሮጥ ከውድ መድኃኒት ቤት መግዛት ነው።

ጾም ለሚጾም የስኳር ታማሚ፦ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ የጠዋቱን ኢንሱሊን እንደ ወትሮው መውጋት አደጋ አለው። ከዐቢይ ጾም በፊት ሐኪሙ ጋ ቀርበው ስለ መጠኑና ስለ ሰዓቱ ይነጋገሩ። ላብ ካሰመጠዎ፣ ከተንቀጠቀጡና ከተደናገረዎ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ፤ ያን ሰዓት ጾሙ ይፈታል። ጸበል የሚሄዱም መድኃኒታቸውን አያቁሙ፤ ክኒኑን በዚያው በጸበሉ መዋጥ ይቻላል።

ሪፈር

ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይጻፍልዎታል። በከተማው ጤና ቢሮ ሥር ካሉት ውስጥ ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12፣ በዓይን ሕክምናው የሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክና የእናቶቹ ጋንዲ ይገኙበታል። ወደ ጥቁር አንበሳ በቀጥታ ሄዶ በር ላይ መለመን በጤና ጣቢያ በግማሽ ቀን የሚያልቀውን ነገር ወር ማስኬድ ነው። የመድህን አባልም ያለ ሪፈር ከሄደ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ ከኪሱ ይከፍላል።

ወረቀቱን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ፦ ስምዎ እንደ መታወቂያው ነው? የሆስፒታሉና የክፍሉ ስም አለ? የተገኘው ችግርና የተሰጠው መድኃኒት ተጽፏል? ፊርማና ማኅተም አለው? ማኅተም የሌለው ወረቀት ከሆስፒታል በር ይመልሳል። የላብራቶሪ ውጤቶችዎን አያይዙ፤ ያልተያያዘ ውጤት እንደገና ይታዘዛል፣ እንደገናም ይከፈላል። ሁሉንም ፎቶ ያንሱ።

ሆስፒታል ሲደርሱ በቅድሚያ ሊያዞን ቢሮን ይጠይቁ፤ ሪፈር የሚቀበለውና ቀጠሮ የሚይዘው እሱ ነው። ቀጠሮው ከራቀና ሕመሙ ከባሰ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው ይንገሩ፤ እነሱ ደውለው ሊያስቀድሙ ይችላሉ። ሕክምናው ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደተደረገልዎና የትኛውን መድኃኒት እስከ መቼ እንደሚወስዱ የሚገልጽ የመልስ ወረቀት አጽፈው ጤና ጣቢያዎ ያስገቡ፤ በየወሩ የሚወስዱትን ክኒን ከሰፈርዎ መቀበል የሚችሉት በዚያ ወረቀት ነው።